«ዳታ አጥፉ!» ይሉ የነበሩት ጋሽ ኢብሮ

ለቅሶ ቤት ገብቶ ሆድን ይዞ እየሳቁ መውጣት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። አቦከር ሰፈር በሥርዓት ያደግሁ ልጅ ነኝ። እናቴ ብታየኝ ኖሮ በቁንጥጫ ታወጣኝ ነበር። ግን ምን ላድርግ? ባለፈው ወር ነስሩ የሚባል ባለ ባጃጅ ደውሎ «ጋሽ ኢብሮ አረፉ» ሲለኝ፣ ያን ሌሊት አልቅሼ አድሬ በማግስቱ ሐረር ገባሁ። ለቅሶ መድረሻው ተዕዚያ ላይ የጠበቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ድንኳኑ ባለ ባጃጅ በባለ ባጃጅ ሆኗል። አንዱ ጋሽ ኢብሮ ያደረጉትን ያነሳል፣ ሌላው «አቦ አላወቅክበትም፣ እኔ ልንገር» ብሎ ከአፉ ይነጥቀዋል። እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጠን ጆሯችን እዚያ ነው። በመጨረሻ የገዛ ልጃቸው በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣ ድምጿን ወደ ወንዶቹ ከፍ አድርጋ «ዳታ አጥፉ የሚለውንስ ለማን ተዋችሁት?» አለች። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴን አልቻልኩም።

ስለ እሳቸው ልጽፍ የተነሳሁት ያን ዕለት ከድንኳኑ ስወጣ ነው።

ጋሽ ኢብሮ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ተራ አስከባሪ ነበሩ። ሥራውን ለማያውቅ ልንገር። ባጃጆቹና በዕድሜ የገፉት ፔጆ ታክሲዎች እንደመጡበት ይሰለፋሉ፤ ተሳፋሪውም በመጣበት ይቆማል። የፊተኛው ባጃጅ ሲሞላ ይሄዳል፣ ቀጣዩ ይጠጋል። ማን ቀደመ ማን ዘገየ ብሎ የሚዳኝ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሳቸው ነበሩ። ደመወዝ የላቸውም፤ እያንዳንዱ ባለ መኪና ሞልቶ ሲወጣ ትንሽ ነገር በእጃቸው ያደርጋል።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ ሰው ነበሩ። ከከተማዋ በላይ ካለው ከሐኪም ጋራ ገበሬዎች ወገን ናቸው፤ ወደ ከተማ የወረዱት በጎረምሳነታቸው ነው። ጩኸት አይወዱም። የባጃጁን ጣራ በጣታቸው መገጣጠሚያ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ካደረጉ ሂድ ማለት ነው፣ ሦስት ጊዜ ካደረጉ ቆይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በመዳፋቸው ጧ ካደረጉት ደግሞ ሹፌሩ አንድ ጥፋት አጥፍቷልና ወርዶ ይቅርታ ይጠይቅ ማለት ነው። ሹፌሮቹ ይህን ቋንቋ ከመንጃ ፈቃድ ትምህርት በላይ ያጠኑታል።

አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው፤ «ማነው ቀድሞ የቆመው?» የምትል። በዚህች ጥያቄ የማይፈቱት ጠብ አልነበረም። ባለሥልጣን ይምጣ፣ ሙሽራ ይምጣ፣ ጥያቄዋ ያችው ናት። አንድ ቀን የገዛ ባለቤታቸው የሽንኩርት ኬሻ አሸክማ ከገበያ መጣችና ቀጥ ብላ ወደ ፊተኛው ባጃጅ አመራች። ጋሽ ኢብሮ ጣራውን ሦስት ጊዜ መቱት።

«ማነው ቀድሞ የቆመው?»

«ኢብሮ፣ እኔ ነኝ እኮ!» አለች ሴትዮዋ።

«አውቄሻለሁ። ስድስተኛ ነሽ።»

ስድስተኛ ሆና ቆመች። ባጃጁ ውስጥ ስትገባ ግን ዞር ብላ «ማታ ቤት ስትመጣ አንተም ተራህን ትጠብቃለህ» አለቻቸው፤ አደባባዩ በሙሉ ሰማ። ጋሽ ኢብሮ እንደ ልጅ አፍረው ጣራውን መምታት ረሱ።

እኔ ከእሳቸው ጋር የተዋወቅሁት ሥራቸውን ልቀማ በሄድኩበት ነው። ልቀማ ብዬ አይደለም የሄድኩት፤ ዞሮ ዞሮ ግን ያው ነው። ኮምፒውተር ተምሬ ሥራ ሳጣ ከርሜ፣ በስልክ ታክሲ የሚያገናኝ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሐረር ላይ ሹፌር የሚመዘግብ ሰው ሲፈልግ ተቀጠርኩ። አርማ ያለበት ቲሸርት ሰጡኝ፣ ታብሌት ሰጡኝ። እኔም ከዚያ በኋላ መሬት አልረገጥኩም። ቲሸርቷን ለብሼ ፈረስ መጋላ የገባሁ ቀን ከተማዋን ላሻሽላት የመጣሁ እንጂ እዚያው የተወለድኩ አልመስልም ነበር።

ሹፌሮቹን ሰብስቤ አስረዳሁ። ተሳፋሪው ያለበት ሆኖ በስልኩ ይጠራል፣ አፑ ሹፌር ይፈልግለታል፣ ዋጋው ቀድሞ ይታወቃል። ጋሽ ኢብሮ ከኋላ ቆመው እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አሥር ባጃጅ ቢኖር ለየትኛው ነው የሚደርሰው?»

«ለተሳፋሪው ቅርብ ለሆነው ነዋ።»

«ቀድሞ ለቆመው አይደለም?»

«አይ ጋሼ፣ ቅርብ ለሆነው።»

«ከንጋቱ ሱብሂ ሶላት ጀምሮ የቆመ አለ። አሁን ገና ከቤቱ የመጣ ደግሞ በአጋጣሚ ጥግ ይዞ ቆመ። ለእሱ ነው የሚደርሰው?»

«ቅርብ ከሆነ አዎ።»

«ታዲያ ቀድሞ የቆመውስ?»

«ይጠብቃል» አልኩ።

ሹፌሮቹን ዞር ብለው አዩዋቸው። «ሰምታችኋል። ሲስተሙ ሐያእ የለውም፣ አያፍርም» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእኔም ስም አወጡልኝ፤ ኔትወርክ። ብቅ ስል «አቦ ኔትወርክ መጣች፣ መንገድ ልቀቁላት!» ይላሉ፤ ሁለት ቀን ከቀረሁ ደግሞ «ኔትወርክ ጠፍቶ ከረመ እኮ» ይሉኛል። ቆሽቴ ያርር ነበር። አሁን እንዲያ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ቢገኝ ምን ልስጠው?

ሹፌሮቹ አንድ በአንድ ተመዘገቡ። የሆቴል እንግዳው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ተማሪው በስልክ መጥራት ለመደ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነገር ነበር፤ ከጁገል ግንብ ውጭ ያለችው ነርስ ከሥራ ስትወጣ እዚያው በር ላይ ባጃጅ ያገኛታል። የፈረስ መጋላው ሰልፍ ግን እየሳሳ ሄደ። ሹፌር ተሰልፎ ቆሞ ሳለ ስልኩ ይጮህና ተራውን ጥሎ ይፈተለካል። ድርጅቱ ጉርሻ የሚሰጠው በአፑ ለተጠራ ጉዞ ብቻ ነውና ያለ ጥሪ መጫን ቀረ። ጋሽ ኢብሮ ጣራ ሊመቱ እጃቸውን ሲያነሱ ጣራው ከእጃቸው ሥር ይሄዳል። ሰልፍ ከሌለ ተራ የለም፣ ተራ ከሌለ ደግሞ ተራ አስከባሪ ምን ይሠራል? ሠላሳ ዓመት የቆሙበትን ቦታ እኔ በታብሌት እያነሳሁት እንደሆነ ይገባኝ ነበር። ገብቶኝም ግን ምዝገባዬን ቀጠልኩ፤ ለወር ግቤ ጥቂት ሹፌሮች ይጎድሉኝ ነበርና።

ነገሩ የተለወጠው በአዴ ሙና ምክንያት ነው። አዴ ሙና፣ አዴ እናት ማለት ነው፣ ከሐኪም ጋራ በየማለዳው ወተት ይዛ የምትወርድ ገበሬ ናት። ወተቷን ሸጣ፣ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ትሰለፋለች። ያን ቀን ዙህር አለፈ፣ የዓስር ሶላት ተቃረበ፣ አዴ ሙና እንደቆመች ናት። ባጃጅ ይመጣል፣ ስልኩ ይጮሃል፣ ይሄዳል። ሁለት ሌሎች እናቶችና አንድ ሽማግሌም ከእሷ ኋላ ቆመዋል። ጋሽ ኢብሮ ወደ እኔ መጡ።

«ኔትወርክ፣ ለአዴ አንድ ጥሪላት።»

«በራሷ ስልክ ነው የሚሻለው ጋሼ። ስልክ አላት?»

አዴ ሙና ከጉያዋ አንዲት ባለ ቁልፍ ስልክ አውጥታ አሳየችኝ። በላስቲክ የታሰረች ናት። ወደ ጥሪ ማዕከላችን ደወልንላት። አዲስ አበባ ያለችው ልጅ «የሚሄዱበትን ሰፈርና ልዩ ምልክት ይንገሩኝ» አለች። አዴ ሙና በኦሮምኛና በአማርኛ እያቀላቀለች «ከሙሜ እርሻ በላይ፣ ጥቁሩ ውሻ ካለበት በታች» አለቻት። መስመሩ ተቋረጠ። አዴ ሙና ስልኩን እያየች «ውሻውን ፈራች መሰለኝ» አለች።

በማግስቱ ጋሽ ኢብሮ ልጃቸው የተወችላቸውን አሮጌ ስማርት ስልክ ይዘው መጡ። መስታወቱ ተሰነጣጥቋል። «አስተምሪኝ» አሉኝ። ጣታቸው ከሥራ ብዛት ስለደረቀ ስክሪኑ አልቀበል አላቸው። እፍ አሉበት፣ በሽርጣቸው ጠረጉት፣ «ቢስሚላህ» ብለው ደግመው ነኩት። ሠራ። ስክሪኑ ላይ «ሹፌር በመፈለግ ላይ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ አነበብኩላቸው። ተቆጡ። «ምን ይፈልጋል? ይኸው ነስሩ! ከጠዋት ጀምሮ አፍንጫው ሥር ቆሞ!»

አፑ ግን ነስሩን ትቶ ጥግ ላይ ለቆመ ለሌላ ልጅ ሰጠው። ነስሩ ትዕግሥት ያልፈጠረበት ሰው ነው፤ ወርዶ ሊደባደብ ተነሳ። ጋሽ ኢብሮ መሐል ገብተው ለያዩአቸው። ከዚያ ስልኩን ደጋግመው አገላበጡት።

«ኔትወርክ፣ ይሄ ነገር ሹፌሮቹን የሚያያቸው በምንድነው?»

«ዳታ ሲያበሩ ነው ጋሼ። ዳታ ያጠፋ አይታይም።»

«አይታይም? ፈጽሞ?»

«ፈጽሞ።»

ፊታቸው እንዴት እንደበራ አልረሳውም። ቀጥ ብለው ወደ አደባባዩ መሐል ሄዱና፣ እኚያ ጩኸት የማይወዱት ሰው፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኹ።

«ዳታ አጥፉ! ሁላችሁም ዳታ አጥፉ! ተራው የነስሩ ነው!»

ሹፌሮቹ ተያዩ። ከዚያ አንዱ አጠፋ፣ ሌላው አጠፋ። ስልኬ ላይ የፈረስ መጋላ ባጃጆች አንድ በአንድ ሲጠፉ አየሁ። ነስሩ ብቻውን ቀረ። ጋሽ ኢብሮ ቢስሚላህ ብለው ነኩት። አፑ ነስሩን ሰጣቸው፤ ሌላ ማንን ይሰጣል? አዴ ሙና ጀሪካኗን ይዛ ገባች። ጣራው ኳ ኳ ተደረገ። «ዴሚ!» አሉ፣ ሂድ ለማለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ዓይናቸውን ጠቀሱኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈረስ መጋላ እንዲህ ሆነች። ስልክ የሌለው ሁሉ ወደ ጋሽ ኢብሮ ይመጣል፤ እሳቸው በራሳቸው ስልክ ይጠሩለታል፤ ተራው ከደረሰው ሹፌር በቀር ሁሉም ዳታውን ያጠፋል። በስልክ ከሩቅ የሚጠራው ተሳፋሪም የሚደርሰው ለተረኛው ሆነ። ሹፌሮቹ ወደ ሰልፉ ተመለሱ፤ ጥግ ይዞ መጠበቅ ዋጋ አጣ። እኔ የድርጅቱ ደንብ ይህን እንደማይፈቅድ አውቅ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም አልኩ። ይባስ ብሎ ከሐረር የሚደረገው ጉዞ ስለበዛ አለቃዬ ደውሎ አመሰገነኝ፤ እኔም ምስጋናውን አመስግኜ ተቀበልኩ።

ደስታችን ብዙ አልቆየም። አንድ ሰኞ ጠዋት የጋሽ ኢብሮ ስልክ ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ። «ሂሳብዎ በአጠራጣሪ እንቅስቃሴ ምክንያት ታግዷል» ይላል። ለሹፌሮቹም ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። አዲስ አበባ ያለው ክፍል ነገሩን ያየው እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው በቀን አርባ ጊዜ ታክሲ ይጠራል፤ ሲጠራ ሁልጊዜ አደባባዩ ላይ አንድ ሹፌር ብቻ ይኖራል፤ ሌሎቹ በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። የሐሰት ጉዞ እየፈጠሩ ጉርሻ የሚበሉ ሌቦች ናቸው ማለት ነው። ደወልኩ። ጉዳዩን የያዘው ሔኖክ የሚባል ወጣት ተቆጣጣሪ ነበር።

«አንድ ሰው በቀን ስንት ጊዜ ሐኪም ጋራ ይሄዳል?» አለኝ።

«እሳቸው አይሄዱም። ሌላ ሰው ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ ሌላው ሰው ለምን በራሱ ስልክ አይጠራም?»

«ስልክ የለውም።»

«ስልክ የሌለው ሰው እንዴት የኛ ደንበኛ ይሆናል?»

ምን ልበለው? ስለ ጥቁሩ ውሻ ልንገረው ወይስ ስለ ነስሩ? ሐሙስ ራሱ መጥቶ እንደሚያጣራ፣ ከተረጋገጠ የሰውየው ቁጥር ለዘለቄታው እንደሚዘጋ፣ ሹፌሮቹም ከመዝገብ እንደሚሰረዙ ነግሮኝ ዘጋው።

ለጋሽ ኢብሮ መንገሩ የእኔ ዕዳ ነበር። አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እስከዚያች ቀን ድረስ በሥራ ሰዓት ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም። ያን ቀን የሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሌባ አሉኝ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ጋሼ፣ ስለማያውቁዎት ነው።»

«ሠላሳ ዓመት፣ ወላሂ፣ የአንድ ሰው ተራ ለሌላ ሰጥቼ አላውቅም።» ከዚያ «ቁጥሬን ይዝጉት። ልጆቹን ግን ስለ እኔ ብለው እንዳይሰርዙ። ይምጣ፣ እኔው እነግረዋለሁ» አሉ። አንጀቴን በሉት። ቲሸርቴን አውልቄ መጣል አማረኝ።

ሐሙስ ሔኖክ መጣ። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሸጋ ልጅ ነው። ማንነቱን ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቆኝ፣ ሰውየውን ከሩቅ ካሳየሁት በኋላ ካፌው በረንዳ ላይ እንድቀመጥ አደረገኝ። እንደ ተሳፋሪ ሆኖ ሊፈትናቸው ነው። ማኪያቶዬ ቀርቦልኝ ሳልነካው አያቸው ጀመር። ከካፌው እስከ ሰልፉ አሥር እርምጃ ስለማይሞላ የሚሉት ሁሉ ይሰማል።

ሔኖክ ሰልፉን አልፎ በቀጥታ ወደ ፊተኛው ባጃጅ ሄደ። ጣራው ሦስት ጊዜ ኳ አለ።

«ማነው ቀድሞ የቆመው?» አሉ ጋሽ ኢብሮ።

«እኔ በስልክ ነው የማዘው አባቴ።»

«ማሻ አላህ። ስልክህ አሁን መጣ፤ አዴ ግን ከዙህር ጀምራ ቆማለች። ከኋላዋ ቁም።»

ይከራከራል ብዬ ስጠብቅ ሄዶ ከአዴ ሙና ኋላ ቆመ። በእሳቸው ፊት መከራከር እንደማያዋጣ ሰው ሲያያቸው ይገባዋል። ትንሽ ቆይተው ተመለሱበት።

«ልጄ፣ ስልክህ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«የእኔን ዘግተውብኛል። ሌባ ነው ብለው ነው፤ ኸይር ነው። ለአዴ አንድ ባጃጅ ጥራላት እስቲ። ሐኪም ጋራ በል።»

ሔኖክ ትንሽ ግራ ገባው። ከዚያ ምን ይሠራሉ ብሎ ለማየት ይመስለኛል ጠራላት። ጋሽ ኢብሮ «ዳታ አጥፉ!» አሉ። ሔኖክ ስክሪኑን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። ነስሩ ብቻውን ታየ። አዴ ሙና ሄደች፤ ስትሄድ ግን መጀመሪያ የሔኖክን ራስ በመዳፏ ዳበሰችና መረቀችው። ከዚያ ሽማግሌው ተራቸው ደረሰ። ለሽማግሌውም ጠራ። ከዚያ መንታ የታቀፈች እናት መጣች። ሕፃናቱን ይዞላት ጠራላት፤ አንዱ መነጽሩን ይዞ አልለቅም አለው። ከዚያ የበርበሬ ኬሻ የያዘ ገበሬ፣ ከዚያ ሁለት አሮጊቶች። ራሱ ተራው ሦስት ጊዜ ደርሶ ሦስት ጊዜ ለሌላ ለቀቀ። አሁን ማንም ሳያዘው «እናቴ፣ እርስዎስ ወዴት ነዎት?» እያለ ይጠይቃል። ሹፌሮቹ «ይሄ ልጅ ከየት የመጣ ሶደቃ ነው?» ይባባላሉ። እኔ ሳቄን በናፕኪን አፍኜ ተቀምጫለሁ።

ዓስር ሲቃረብ እጁን ከስልኩ ላይ አንስቶ ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ስልኩን ፊቴ ላይ ዘረጋው። ቀይ ጽሑፍ ነበር። «ሂሳብዎ በአጠራጣሪ እንቅስቃሴ ምክንያት ታግዷል።»

መጀመሪያ እሱ ሳቀ። ከዚያ እኔ። ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቅቶት ጠረጴዛውን ደግፎ ሳቀ። አለቃው ጋ ደወለ። «ሌባውን ያዝከው?» ሲለው እሰማለሁ። ሔኖክ እንባውን እየጠረገ «እኔ አልያዝኩም፣ እኔን ግን ይዘውኛል። እባካችሁ ክፈቱልኝ፣ ከኋላዬ ሰባት ሰው ቆሟል» አለ።

ማንነቱን ሲነግራቸው ጋሽ ኢብሮ አልተቆጡም። አንድ ጊዜ ብቻ በመዳፋቸው ትከሻውን ጧ አደረጉት። ሹፌሮቹ ምን ማለት እንደሆነ ገባቸው። ሔኖክ አልገባውም ነበር፤ ነስሩ በጆሮው ሹክ አለው። ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ እስከ ማታው መግሪብ ሶላት የሱቁ ደረጃ ላይ አብረው ተቀምጠው ጠየቃቸው፣ ጻፈ። ሁለት ሰው እኩል ቢደርስስ? «ሸክም ያለው ይቀድማል።» የታመመ ቢመጣስ? «የታመመ ተራ የለውም፣ ይሂድ።» ሹፌሩ ለሶላት ቢሄድስ? «ተራው ቦታው ላይ ይጠብቀዋል።» ሁሉን ጻፈ።

እገዳው ተነሳ። ሹፌሮቹም ነፃ ሆኑ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ አዲሱ አፕ መጣ፤ ፈረስ መጋላ ላይ የቆሙት ባጃጆች እንደመጡበት በዝርዝር የሚታዩበት፣ ጥሪም ለፊተኛው የሚደርስበት። እኔ በደስታ እየዘለልኩ በማለዳ ሄጄ አሳየኋቸው። የሹፌሮቹን ስም በተራ አነበብኩላቸው፤ አንደኛ ነስሩ፣ ሁለተኛ እገሌ፣ ሦስተኛ እገሌ።

ጋሽ ኢብሮ አዳመጡ። ዝርዝሩ ትክክል ነበር።

«ማን ያስከብረዋል?»

«ራሱ ነው ጋሼ። ማንም አያስፈልግም።»

እንዲህ አልኳቸው። በገዛ አፌ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

«ጥሩ ሠርታችኋል» አሉ። «ሐቅ ነው። የማንም ተራ አይጠፋም።» ሱቁ ደረጃ ላይ ያስቀመጡትን ጥቁር ጃንጥላቸውንና ውሃ የሚይዙባትን የፕላስቲክ ጠርሙስ አነሱ። ነስሩ ከባጃጁ ወርዶ መሬት መሬት ያያል። የት ነው የሚሄዱት? ቤት ሄደው ምን ይሠራሉ?  

የማደርገው ቢጠፋኝ ታብሌቱን መነካካት ጀመርኩ። ዝርዝሩ ላይ «ጀምር» የሚለውን ብጫነው እምቢ አለ። ደግሜ ተጫንኩ። ያኔ ነው፣ ችኩሏ እኔ፣ ታች ያለውን ጽሑፍ ያነበብኩት። «ተራው በየዕለቱ የሚከፈተውና የሚዘጋው፣ ለታመመና ሸክም ላለው ቅድሚያ የሚሰጠውም በተራ አስከባሪው ብቻ ነው። ተራ አስከባሪውን ይመዝግቡ።» ሔኖክ ያን ማታ የጻፈውን አንዱንም አልረሳም ነበር። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። ጃንጥላቸውን ይዘው ግማሽ አደባባይ ሄደዋል። «ጋሼ፣ ይመለሱ! ያለ እርስዎ አይከፈትም!»

ቆሙ። ቀስ ብለው ተመለሱ። የተጻፈውን አነበብኩላቸው። «ደግመሽ አንብቢ» አሉኝ። ደግሜ አነበብኩ። ነስሩ ጃንጥላውን ከእጃቸው ተቀብሎ ቦታው መለሰው።

ስም ሞላሁ። ስምና የአባት ስም ብቻ ነው የሚቀበለው። እሳቸው ግን «የአያቴም ይግባ» አሉ፤ ኢብራሂም ሙሜ አብዱላሂ ብዬ አጣበቅሁላቸው። ሥራ የሚለው ላይ «ተራ አስከባሪ» ብዬ ስጽፍ ጣታቸውን አስጠግተው ቃሉን ከላዩ ዳሰሱት። መታወቂያቸው ላይ ሥራ በሚለው ቦታ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰረዝ እንደነበረ ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ።

ቀጥሎ ፎቶ ጠየቀ። ታብሌቱን አነሳሁ። በእጃቸው ሸፈኑት።

«በዚህ ሸሚዝ?»

«ምንም አይል ጋሼ፣ ፊት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።»

«ቆይ» አሉ፤ ሄዱ።

የሄዱት ቤታቸው ነው፣ ጁገል ውስጥ፣ በእግር። ያለ ፎቶ ምዝገባው አያልቅም፤ ምዝገባው ካላለቀ ተራው አይከፈትም። ጠዋት ነው፣ ሰው ወደ ሥራው ይቸኩላል። ሰልፉ ረዘመ። ተማሪው ቆመ፣ ነርሷ ቆመች፣ ወተቷን ልትሸጥ የወረደችው አዴ ሙናም ምን ተፈጠረ ብላ ጀሪካኗን አስቀምጣ ላይ ታች ማለት ጀመረች። የሰው ተራ አንዲት ደቂቃ አስተጓጉለው የማያውቁት ሰው ከተማውን አቁመው ሄደዋል። ለምን እንደቆምን ከፊት ያለው ለኋለኛው ነገረው፣ የኋለኛውም ከእሱ ኋላ ላለው።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ብቅ አሉ። የዒዱን ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል። ጥልፍ ያለው ኮፍያቸው አዲስ ነው። ሂና የተቀባውን ጺማቸውን ከርክመው አበጥረዋል፤ ባለቤታቸው ከኋላ እየተከተለች ኮሌታቸውን ታስተካክላለች። ግድግዳው ጥግ ቆመው ሁለት እጃቸውን ወደ ጎን አወረዱ፣ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ፎቶው ሦስት ጊዜ ተበላሸብኝ። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ከኋላዬ ሰልፉ ሸዋ በር ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ ባለ ባጃጁ፣ ባለ ፔጆው፣ የጭነት መኪናው ሁሉ ቆሟል።

ያን ጠዋት ፈረስ መጋላ ላይ አንድም ክላክስ አልተሰማም።